ባዶው በረት

ጎንደር ፍርድ ቤት የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ሆኜ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ አለቃዬ አቶ ታደለ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ ሥራውን ነገሩኝ።

«ለልጅህ ቀለብ ስጥ የተባለ አባት ደመወዝተኛ ከሆነ ለመሥሪያ ቤቱ እንጽፋለን፤ ከደመወዙ ይቆርጡልናል። ገበሬ ከሆነ ግን ጫማህን አጥብቅ። የሚያርስበትን በሬ እንዳትነካ፣ ሕግ አይፈቅድም። ሌላውን ከብት ትይዛለህ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳዬ ፋንታዬ ጎንደር ውስጥ ልብስ እያጠበች ነው የምትኖረው። ቀለቡ ካልመጣ፣ ገና የወተት ጥርሷ ያልረገፈ ልጇን ለሰው ቤት ሠራተኝነት ልትሰጥ ነው። እሷንና አንድ ፖሊስ አስከትዬ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ ወዳለው የልጅቱ አባት መንደር ወጣሁ።

ከጥማድ በሬዎቹ በቀር በበረቱ እምቧ የሚል የለም። አባትየው ሙላው ሳቀብኝ።

«ምነው የከተማው ጌታ፣ እበት ልትይዝ ነው የመጣኸው?»

«ላሞቹስ?»

«ሸጥኋቸው። ጎረቤት ጠይቅ።»

ጠየቅሁ። «ድሃ ነው» አሉ ሁሉም፣ መሬት መሬት እያዩ።

ልንመለስ ስንል ፋንታዬ «አባቴን ሳልስም አልሄድም» አለች። አባቷ አያ ውቤ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። እርጎ አቀረቡልን። የልጅ ልጃቸውን ችግር ሲሰሙ አለቀሱ። እርጎው ሸጋ ነበር፤ አስደግሜ ጠጣሁ።

ከብቱ ከግጦሽ ሲገባ ፋንታዬ ዋንጫዋን አስቀመጠች።

«ቦራ!»

ግንባረ ነጭ ላም ከመንጋው ወጥታ እጇን ላሰች።

«አባዬ፣ ይህች የሙላው ላም ናት።»

«ላሞቹን ለርቢ ሰጥቶኝ ነው» አሉ አያ ውቤ። ርቢ የአገሩ ልማድ ነው፤ ባለቤቱ ላሙን ሰው ያስጠብቃል፣ ጠባቂው ወተቷን ይጠጣል፣ ጥጃውን ይካፈላል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከከሰስሽው ወዲህ። እኔ እንቢ ብል ለሌላ ይሰጠው የለ? እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል ልጄ።»

«የልጅ ልጅህስ?»

ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ። እኔም የቀረኝን እርጎ ሳልጠጣ ዋንጫውን መለስሁ።

የአያ ውቤን ድርሻ ጥጃዎች ትቼ፣ የሙላውን ላሞች በሽማግሌዎች ፊት ያዝሁ። የቦራን ገመድ ያቀበሉኝ አያ ውቤ ራሳቸው ናቸው። ላሞቹ በሐራጅ ተሸጡ፤ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ቀረች። ላሞቹን ይዘን ስንወጣ ግን ፋንታዬ አባቷን አልሳመችም።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምነግረው ይህን ነው፦ ባዶ በረት አይተህ አትመለስ። ላሞቹን ዛሬ ማን እንደሚያልባቸው ጠይቅ። ስትጠይቅም ከሚያለቅስልህ ሰው ጀምር።