የአሥራ ሦስተኛው ሣጥን ጥፋተኛ

ብርቅዬ እስከ ሃያ አራት ዓመቷ ድረስ ኮምፒውተር የሚባለውን ጉድ በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ተወልዳ ያደገችው ሐዋሳ፣ በምሥራቅ በኩል ነው። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ ቃጫ ፈትሎ ጆንያ በሚሠራ የመንግሥት ፋብሪካ ታይፒስት ሆና ተቀጠረች። ጣቷ ፈጣን ስለሆነ በ1980 ዓ.ም. ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ ፓስካል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተማረች፤ ወደደችውም። ፓስካል ጨቅጫቃ ነው። አሥራ ሁለት የቁጥር ማስቀመጫ ሣጥን ብቻ እንዳለህ ነግረኸው አሥራ ሦስተኛው ላይ ልጻፍ ብትለው፣ ሥራውን አቁሞ ስሕተትህን ፊት ለፊት ይነግርሃል። ማንም ጠብቅ ሳይለው ይጠብቃል።

በ1981 ጥቅምት ላይ ኮምፒውተሩ ፋብሪካው ገባ፤ ፕሮግራም ጻፊው ወልደጻድቅም ከዋናው መሥሪያ ቤት ተከትሎት መጣ። አራት ዓመት ባሕር ማዶ ተምሯል፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፣ ሰው ሲያናግረው ሰዓቱን ያያል። የሠራተኛውን መዝገብ የጻፈው ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። ሲ አይጨቀጭቅም። አሥራ ሁለት ሣጥን አስይዘኸው አሥራ ሦስተኛው ላይ ጻፍ ካልከው፣ እሺ ብሎ ከጎን ያለው የሌላ ጉዳይ ሣጥን ላይ ይጽፍልሃል። ትንፍሽ አይልም።

«ጋሼ ወልደጻድቅ፣ ይሄ ቋንቋ ከሣጥኑ ውጭ ሲጻፍ ዝም ይላል እኮ» አለችው ብርቅዬ።

«ለዚያማ የጥበቃ ላይብረሪ፣ በየቦታው የሚጠራ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም፣ አዘጋጅቻለሁ። ከመጻፍ በፊት ይጠራል፣ ቁጥሩን ይመረምራል።»

«ፕሮግራም ጻፊው መጥራቱን የረሳ እንደሆነስ?»

ሳቀባት። «ፓስካል ለተማሪ ነው፣ ሲ ለባለሙያ። ባለሙያ አይረሳም።»

ይህችን ንግግር ባስታወሰች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየወሩ የሠራባቸው ቀናት የሚሞሉባቸው አሥራ ሁለት ሣጥኖች ነበሩት። አሥራ ሁለት! በጳጉሜን ጠበል እየተጠመቀ ያደገ ሰው፣ የባሕር ማዶ መጽሐፍ ምሳሌ ገልብጦ አሥራ ሁለት ብሎ ቁጭ። ከእነዚህ ቀጥሎ የሐኪሙ ሣጥን አለ፤ እዚያ ላይ «1» ከተጻፈ ሠራተኛው አቧራ ያለበት ክፍል አይመደብም፣ ሌላ ማንኛውም ቁጥር ግን ጤነኛ ማለት ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ ብርቅዬ እንደታዘዘችው ወር አሥራ ሦስት፣ ቀን አምስት እያለች የሠራተኛውን ሁሉ መዝገብ ሞላች። ኮምፒውተሩም ሁሉንም ተቀበለ።

መስከረም 1982 የአዲሱ ዓመት ምደባ ታትሞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ካሰች ቢሮዋ መጡ። ሐኪም ሳንባቸውን አይቶ ከቃጫ ማበጠሪያው ወደ ጆንያ ስፌት ካዛወራቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ልጄ፣ ማበጠሪያ መለሱኝ» አሉ። ይህን ለመናገር መሐል ላይ አረፍ ማለት ነበረባቸው። «አለቃውን ብለምነው ወረቀቱ ጤነኛ ነሽ ይላል አለኝ። እኔ ደም እየተፋሁ!»

«ቁጭ ይበሉ፣ እትዬ።»

«አልቀመጥም። እንዲህ ከቀጠለ ለዘመን መለወጫችን ለፊቼም አልደርስ።»

ብርቅዬ መዝገባቸውን ከፈተች። በሐኪሙ ሣጥን ውስጥ «1» የለም፤ «5» ተጽፎበታል። አምስቱ የጳጉሜን ቀናት ናቸው። የወልደጻድቅን ፕሮግራም ገልጣ ስታነብ፣ ጥበቃውን በዘጠኝ ቦታ ጠርቶታል፤ ወር በሚሞላበት በአሥረኛው ቦታ ረስቶታል። በዚህ የተነሣ እትዬ ካሰችን ጨምሮ አሥራ አንድ ሕመምተኞች በአንድ ቀን «ድነው» ነበር።

ነገሩ ግምገማ ላይ ቀረበ። ሰብሳቢው የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ፍቅሬ ነበር።

«አሥራ ሦስት ብሎ የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ብርቅዬ።

«ለምን?»

«ታዲያ ጳጉሜን ስንተኛ ወር ነው ልበል፣ ጓድ?»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። ብርቅዬ ኮምፒውተሩ ፊት ወስዳ አሳየቻቸው። ያንኑ አሥራ ሁለት ሣጥን በፓስካል ጻፈች፣ አሥራ ሦስት ብላ ሞላች፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሲ ደገመችው፤ አለፈ። ወልደጻድቅ ጉሮሮውን ጠርጎ «ላይብረሪው ውስጥ ጥበቃው አለ» አለ። መኖሩንማ ማን ካደ? ያልጠራው ማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ጓድ ፍቅሬ ለብቻዋ አስጠራት። «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ከሆነ ዋናው መሥሪያ ቤት አጣሪ እስኪልክ ምደባው አይነካም። ሁለት ወርም ሦስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። የጸሐፊ ስሕተት ከሆነ ግን ዛሬውኑ በእጅ ይታረማል» አላትና ወረቀቱን ገፋ አደረገላት። «በቸልተኝነቴ ያልተገባ ቁጥር ሞልቻለሁ» ይላል።

ብርቅዬ ፈረመች። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንዱም ሰዎች ከማበጠሪያው ወጡ። እሷን ወደ መጋዘን አወረዷት። ፕሮግራሙን ግን የነካው አልነበረም፤ ጥፋት የሌለበትን ነገር ማን ያርማል?

በዓመቱ ጳጉሜን ተመልሶ መጣ። በቦታዋ የተተካችው ታቢታ፣ ብርቅዬ ብታስጠነቅቃትም፣ እንደታዘዘችው አሥራ ሦስት ብላ ሞላች። ምን ታድርግ? ምደባው በወጣበት የመስከረም ጠዋት ብርቅዬ መጋዘኑን ጥላ ማበጠሪያው በር ላይ ቆመች። የአሥራ አንዱን ሕመምተኞች ስም በልቧ ይዛለች። እትዬ ካሰችን ክንዳቸውን ይዛ መለሰች፣ ቀጥሎ የመጣውን መለሰች፣ ዘቡ ቢጮኽባትም አልተነቃነቀችም። በሩ ሲዘጋ እፎይ ብላ ሄደች።

ማታ ሠራተኛው ሲወጣ ታምሩ የሚባሉት ዝምተኛ ሽማግሌ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ሲስሉ አየቻቸው። የመለሰቻቸው አሥር ነበሩ።

«እርስዎን ረሳሁ» አለቻቸው።