የእትዬ ብርቄ የይለፍ ወረቀት

እትዬ ብርቄ በቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ሲቸረችሩ የኖሩ፣ በአምሳ ዓመታቸው መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው። ማንበብ ከቻሉ ወዲህ አንድ አመል አወጡ፤ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ ማመን። ጎረቤቱ ስንቴ ስቆባቸዋል! ምነው ነገሩ በሳቅ በቀረ።

ልጃቸው ከፈለኝ በ1976 ወርቅ ሊያጥብ ሺህ ቤት ወረደ። ሺህ ቤት ከቢታ ገነት ወዲያ ሁለት ቀን በእግር የሚያስኬድ የወንዝ ዳር ሰፈር ነው። ወርቁ የተገኘ ሰሞን አገር ምድሩ ጎርፎበት እውነትም ሺህ ጎጆ ነበረው ይባላል። ከፈለኝ ከሄደ በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ መጣና ስሙ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን “ወሬው ጠፋ” እያሉ ሸሸጉ። እትዬ ብርቄ ግን “የእኔ ልጅ መች ሸሸ? ከምዝገባው በፊት ለሥራ የሄደ ነው” ብለው አረፉት።

በ1978 አንድ ነጋዴ ወሬ አመጣላቸው። ወርቁ አልቋል፣ ሰዉ ተበትኗል፤ ከፈለኝ ግን “ባዶ እጄን እናቴ ፊት አልቆምም” ብሎ ከዋርካው ሥር ባለች ጎጆ ቀርቷል።

“ባዶ እጁን ይምጣልኝ!” አሉ እትዬ ብርቄ። ሄደው ሊያመጡት ቆረጡ።

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። የቀበሌው ጸሐፊ ተሰማ “ለዘመድ ጥየቃ” ብሎ ጻፈላቸው። እግዜር ይስጠው፣ ያ በቂ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ አነበቡና ቅር አላቸው።

“ዘመድ ምንድን ነው? ልጄን ነው የምጠይቀው። ስሙን ከነአባቱ ጻፍልኝ።”

“እትዬ፣ ይኸው ይበቃል” አለ ተሰማ፣ የሊቀ መንበሩን በር በዓይኑ እየጠቆመ።

“ወረቀት ከሆነ አይቀር ሙሉ ይሁን! ከፈለኝ ገብረ ኢየሱስ በል። ሺህ ቤት፣ ከዋርካው ሥር።”

ምን ያድርግ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሊቀ መንበሩ ይሰማል፤ ጻፈው። ወረቀቱ ለማኅተም ሊቀ መንበሩ ዘንድ ገባና ስምንት ቀን ቆየ።

በዘጠነኛው ቀን ቆጮና አዲስ ሹራብ ቋጥረው ተነሡ። በየኬላው ወረቀታቸውን ራሳቸው እያነበቡ አለፉ።

ሺህ ቤት ጭር ብሏል። የወርቅ ጉድጓዶቹ ውሃ አቁረዋል፤ የጎጆዎቹ ጣሪያ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከዋርካው ሥር ያለችው ጎጆ በሯ ተበርግዷል፣ የወርቅ ማጠቢያው ገበታም ደጃፏ ላይ ተደፍቷል። ወንዙ ዳር ብቻቸውን የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ ብድግ አሉላቸው።

“ማንን ፈልገው ነው?”

“ልጄን፣ ከፈለኝን።”

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። “እዚህ ሰው ሰውን ስም አይጠይቅም፤ የወርቅ ቦታ ደንብ ነው። ልጅዎን ሁለት ዓመት አብረን ስናጥብ ‘ቦንጌ’ ነበር የምንለው። ባለፈው ቅዳሜ አራት ታጣቂዎች መጡና ከፈለኝ ገብረ ኢየሱስ የታለ አሉን። እንዲህ የሚባል የለም አልናቸው፤ እውነታችንን ነበር። እነሱ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወደ ዋርካው ሄዱ። አስረው ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ ‘ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ የአባቴን ስም ማን ነገራቸው?’ አለኝ።”

እትዬ ብርቄ ወረቀቱን ከብብታቸው አውጥተው፣ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን እየነዱ አነበቡት። ስሙ አለ። የአባቱ ስም አለ። ዋርካውም አለ።

“እኔ ነኝ” አሉ። “በገዛ አፌ አስጽፌ! ልጄን እኔ ነኝ ያስበላሁት!”

ወረቀቱን ወንዝ ውስጥ ሊወረውሩ ሲሉ ሽማግሌው እጃቸውን ያዙ።

“ተዉ እባክዎ! ያለ እሱ ኬላውን አያልፉም፤ እዚሁ ሊቀሩ ነው።”

ቆጮውን ለሽማግሌው ትተው፣ ሹራቡን ይዘው ተመለሱ። ቢታ ገነት ኬላ ላይ አንድ ወጣት ታጣቂ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

“ጎበዝ እናት ነዎት። ሰው እንዲህ አሟልቶ አያመጣልንም” አለና በሁለት እጁ መለሰላቸው።

እትዬ ብርቄ አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ቦንጋ እስኪደርሱ ገና ሁለት ኬላ ይቀራቸው ነበር።