ሦስት ማንኪያ በጸሎተ ሐሙስ

በምማርበት ኮሌጅ ማዕድ ቤት በኩል ሳልፍ አንዳንድ ቀን በቅቤ የሚቆላ ዱቄት ይሸተኛል። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እግሬ ቀጥ ይልና፣ ቀኑ ጾም ይሁን ፍስክ በጣቴ ቆጥሬ ሳልጨርስ፣ ራሴን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባባ አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ አፌን ከፍቼ ማንኪያ ስጠብቅ አየዋለሁ።

ጠላት ከመግባቱ በፊት ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ ፒያሳ የሚለው ሰፈር ያኔ አራዳ ብቻ ይባል ነበር። ቤታችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ክረምት ሲመጣ ጭቃው ጫማ በሚያስቀር መንገድ ዳር ነበረ። አባባ፣ ማዳም እያልን የምንጠራት አንዲት ፈረንሳዊት በከፈተችው ትንሽ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። የፈረንጅ ሾርባ እንደ እሱ የሚሠራ አበሻ በአራዳ የለም ይባል ነበር፣ እሱም ይህን ሲሰማ አልሰማሁም ለማለት ሳል ይስል ነበር።

ችግሩ ጾም ነበር። አባባ ረቡዕና ዓርብን፣ ፍልሰታን፣ ሁዳዴን አጥብቆ ይጾማል፤ የሆቴሉ እንግዶች ግን ዓመቱን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ይበሉ ነበር። ታዲያ ማን ይቅመስ? አብሮት የሚሠራው ሽኩር፣ እንጨት የሚፈልጠውና ድስት የሚያጥበው የወሎ ሰው፣ እስላም ስለሆነ ክርስቲያን ያረደውን አይነካም። ማዳምም «እኔ የቀጠርኩት ምግብ አብሳይ ነው እንጂ መነኩሴ አይደለም» ትለው ነበር። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም የለበትምና፣ አባባ በጾም ቀን እጄን ይዞ ወደ ሆቴሉ ይወስደኝ ጀመር። እሱ ማንኪያውን እፍ እፍ ብሎ ያጎርሰኛል፣ እኔ «በቃው» ወይም «ጎደለው» እላለሁ። በፍልሰታ ዝናብ ጣራውን ሲደበድበው፣ የሰፈር ልጆች ጾመው ለመቁረብ ሲሮጡ፣ እኔ የአባባ ምላስ ሆኜ በሙቅ ማዕድ ቤት እቀመጥ ነበር፤ በዚህም ከልጆቹ ሁሉ የበለጥኩ ይመስለኝ ነበር።

በጋ ገብቶ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰባት ዓመት ሞላኝ። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ቤት መጥተው መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ «እንግዲህ ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ ሁዳዴን ከእናትሽ ጋር ትጾሚያለሽ፣ ለፋሲካም ትቆርቢያለሽ» አሉኝ። እናቴ ለዚያ ቀን የሚሆን ነጭ ቀሚስ በእጇ መጥለፍ ጀመረች። አባባ ግን ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። ምላሱን ያጣ ሰው መሆኑን ያኔ አልተረዳሁም ነበር።

ያን ሁዳዴ በአፍንጫው ሠራ። ድስቱን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንፋሎቱን ወደ ውስጥ እየሳበ «ጨው ቀረው» ወይም «በቃው» ይል ነበር።

«ጋሼ፣ ጨው ይሸታል እንዴ?» ይለዋል ሽኩር። «እንግዲያውስ እኔም በጆሮዬ እንጨት ልፍለጥ!»

«ዝም ብለህ እጠብ» ይለዋል አባባ፤ ግን አይስቅም ነበር። በዚያ ጾም ሁለት ጊዜ ሳህን ተመለሰበት፣ ማዳምም ሦስተኛ ከተመለሰ እንደምታስወጣው ነገረችው። ይህን ለእናቴ በዝግታ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

የጸሎተ ሐሙስ ቀን እናቴ ጉልባን በሳህን አስይዛ ወደ አባባ ላከችኝ። ከሃምሳ ቀን በላይ ጾሜ ነበርና አንገቴ ቀጥኖ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ይችን ልጅ እዩ፣ እንደ መነኩሲት» እያለ ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስደርስ ሽኩር ውኃ ሊቀዳ ወጥቷል። አባባ በትልቅ ድስት ፊት ቆሞ፣ ማንኪያ እንደያዘ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ በሩን አየ።

«ነይ እስቲ» አለኝ። «ምላስሽን ብቻ ይንካው። አትዋጪውም፣ ትፊዋለሽ። መትፋት ጾም አይገድፍም።»

ይህ እውነት መሆኑን አላውቅም ነበር፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። አፌን ከፈትኩ። የዶሮው መረቅ፣ ቅቤው፣ የተቆላው ዱቄት ምላሴን ሲነካው፣ እንኳን ልተፋው፣ ጉሮሮዬ ሳላዘው ዋጠው።

«እህ?» አለኝ አባባ።

ጨው አልጎደለውም ነበር። ልክ ነበር። እኔ ግን «ጎደለው» አልኩት። ቆንጥሮ ጨመረና ሁለተኛ አቀመሰኝ። ዋጥኩና «ገና ነው» አልኩት። ሦስተኛውን ዋጥኩና ማንኪያውን ላስኩት። አባባ ፊቴን ትንሽ አየና «አፍንጫዬስ በቃ ብሎኝ ነበር» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያም ጉልባኑን ተቀብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ።

ከቀትር በኋላ አባባ ቢላዎቹን በሽርጡ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣ። ሳህኖቹ ሁሉ ተመልሰው ነበር። ማዳም በፈረንሳይኛ ስትጮህ፣ እሱ የገባው «ውጣ» የሚለው ብቻ ነበር።

«ምን አግኝቶዎት ነው?» አለችው እናቴ።

«አፍንጫዬ ከዳኝ» አለ። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔን እየሸሸገ ይሁን ራሱን አላወቅሁም። ቀሚሱ ተጠልፎ አልቆ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እሱን ላለማየት ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ። ጾሜ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም? ብቆርብ ምን እሆናለሁ? አልቆርብም ብልስ ምን ብዬ ላስረዳ?

በማግስቱ ስቅለት ነበር። ጊዮርጊስ ግቢ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲሰግድ ዋለና፣ ወደ ማታ ገደማ ቄሶቹ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ፤ ሕዝቡም እየተሰለፈ ኃጢአቱን እየተናገረ፣ ጀርባውን በቅጠሉ እየተመታ፣ የታዘዘለትን ያህል ሊሰግድ ይሄድ ነበር። አባባ ከፊቴ ነበር። አባ ወልደ ሰንበት ፊት ሲደርስ አጎነበሰ።

«አባ፣ ጾም ገድፌአለሁ።»

«በምን?»

«በልጄ አፍ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፣ ሥራውን ማጣቱንም ጭምር። በመጨረሻም «እሷ የአባቷን ቃል ሰምታ ነው። የእሷንም በእኔ ላይ ይጨምሩት» አለ።

አባ ወልደ ሰንበት ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። አባባ ሁሉንም ተሸክሞልኝ ነበርና፣ ዝም ብል ነጩን ቀሚስ ለብሼ እቆርብ ነበር። ግን ከኋላዬ የተሰለፈችው አሮጊት እያለቀሰች ነበር፣ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ትፊው ብሎኝ ነበር፤ ዋጥኩት» አልኩ። «ጨዉም ልክ ነበር። እንደገና እንዲያቀምሰኝ ብዬ ነው ጎደለው ያልኩት።»

አባባ ካጎነበሰበት ቀና አለ።

«ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር፣ አባባ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው።»

ፊቱ ላይ የመጣውን እስከ ዛሬ መግለጥ አልችልም። የሚቆጣ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ስገልጥ ግን ሞተብኝ ያለው ዘመዱ በደጅ እንደገባለት ሰው ሆኖ አየሁት።

«አንተ ሰው!» አሉት አባ ወልደ ሰንበት። «ጌታ በተሰቀለበት ቀን የጨው ነገር ታወራለህ?» የእሳቸውም ከንፈር ግን ሳቅ ሲያፍን አይቻለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእሷን አልጨምርብህም፣ የራሷ ጉልበት አላት። አንተም በጾም ቀን መቅመስ ግድ ከሆነብህ በራስህ ምላስ ቅመስና መጥተህ ንገረኝ። በሕፃን አፍ ግን አትጹም» አሉት።

«ጾሜስ ፈረሰ ወይ?» አልኳቸው።

«በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ቀን ጾሞ ገነት ገባ?»

አላውቅም አልኩ። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

«እኔም አላውቅም» አሉኝ። «ሂጂ፣ አሥራ ሁለት ስገጂ። ትቆርቢያለሽ።»

ወይራው ጀርባዬን ሲነካው ከንፋስ የሚከብድ አልነበረም። ከአባባ ጎን ለጎን ሰገድኩ። የእኔን ጨርሼ ቆሜ ስጠብቀው፣ እሱ ገና ይወድቃል ይነሣል፤ ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ከግንባሩ አፈር ሳይራገፍ፣ በመካከሉ «ልክ ነበር» ሲል የሰማሁት መሰለኝ። ሲጨርስ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። መንገዱን ሁሉ እጄን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ነበር።

ለፋሲካ ነጩን ቀሚስ ለብሼ ቆረብኩ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ይደርስብኛል ብዬ ብጠብቅ ምንም አልደረሰብኝም፤ ይህም ራሱ አስፈራኝ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሽኩር መጣና በራችን ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ማዳም ይምጡ ትላለች፤ በእርስዎ ቦታ ያመጣችው ሰው ውኃ እንኳ ያሳርራል» አለው። አባባ «መጀመሪያ ጨዉ ልክ እንደነበረ ንገራት» ሲለው፣ ሽኩር «ኧረ ጋሼ፣ ጨው ጨው ሲሉ ዝናብ ሳይመጣ ይሟሙብናል፣ ይነሡ!» ብሎ ቢላዎቹን ራሱ ተሸከመለት። ክረምት ገብቶ ፍልሰታ ሲደርስ አባባ በአፍንጫው ይሠራ ነበር፤ እኔ ቤት ቀረሁ። አንዳንድ ቀን ያለ ልማዱ በጠዋት ወደ አባ ወልደ ሰንበት ቤት ሲያቀና አየው ነበር፣ የት ትሄዳለህ ብዬ ግን አልጠየቅሁትም።

ሆቴሉ ዛሬ የለም። አባ ወልደ ሰንበትም በጠላት ጊዜ አረፉ። አባባ አርጅቷል፣ አፍንጫውም አሁን በእርግጥ ከድቶታል። ቅዳሜ ከኮሌጅ ስመለስ ሽሮ ሠርቶ ይጠብቀኛል፣ ማንኪያውን እፍ እፍ ብሎ ያቀርብልኝና «እህ?» ይለኛል። ጨው ይጎድለዋል። እኔ «ልክ ነው፣ አባባ» እለዋለሁ። ያኔ ልክ የነበረውን ጎደለው ብዬ የዋሸሁት ለሆዴ ነበር፤ የዛሬው ለምን እንደሆነ፣ ኃጢአትም ይሁን አይሁን፣ አሁን የምጠይቃቸው የሉም።

አባባ ግን «ልክ ነው» ስለው ፊቴን ትንሽ ያይና፣ ከጨው ዕቃው ቆንጥሮ ይጨምራል። የዚያን ሐሙስ ዕለትም እንዲሁ ፊቴን አይቶ እንደነበር አስታውሳለሁ።