የዳንግላው ሪፊል

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቅ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ቆሜ ሁለት ጄል እስክሪብቶዎች አማርጥ ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ እስክሪብቶ የምገዛው ሌላው ሰው ሽንኩርት እንደሚገዛው እያገላበጥሁ ነው። አንደኛው ወፈር ያለ፣ ለጣት የሚመች ጎማ ያለው። ሌላው ቀጭን፣ ቀለሙ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ የሚታይ። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞከርኋቸው። ወፍራሙ ሲጀምር ቀለም ያንጠባጥባል፤ ቀጭኑ እጅ ሳያደክም ይሄድና ፊደሉ ሲታጠፍ አንዳንዴ ይዘላል።

«ሪፊሉ ለብቻው ይሸጣል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ባለ ሱቁ ልጅ እግር ነው። ስልኩን አስቀምጦ ሳቀ። «አቦ፣ አንቺ ደግሞ! አዲሱን ውሰጂና ተገላገይ። ሪፊል የሚጠይቅ ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ!»

ድሬዎች ለትልቅም ለትንሽም «አንቺ» ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር፤ እኛ አገር ልጅ ታላቁን እንዲህ ቢል ጎረቤት ይሰበሰብበታል። አሁን ፍቅር መሆኑ ገብቶኛል። ልጁ እየሳቀም ቢሆን ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠገበ ካርቶን ጎትቶ አወጣና፣ በላስቲክ የታሰሩ ቀጫጭን የቀለም ቱቦዎች ከፊቴ ዘረገፈ። ጫፋቸው ላይ ያለችውን የሰም ጠብታ ሳያት ልቤ ከድሬ ሙቀት ወጥቶ እንጅባራ ገባ።

ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱን ቤት ነበርሁ። የእንጅባራን ክረምት ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ጭጋጉ ጠዋት በር ሲከፈት እንደ እንግዳ ዘው ብሎ ይገባል። እርጥበቱ ብርድ ልብስ ውስጥ አለ፣ ደብተር ውስጥ አለ። ተራው እስክሪብቶ በብርዱ አልጽፍ ስለሚል በሁለት መዳፍ መካከል ይታሻል፣ ጫፉ በትንፋሽ ይሞቃል። እማየ ከምድጃው ትኩስ ቅቅል ድንች ስታቀብለኝ፣ ከመብላቴ በፊት እስክሪብቶዬን ከድንቹ ጋር አንድ ላይ ጨብጬ አቆየው ነበር። «ማንን ነው የምታበይው፣ ራስሽን ወይስ እሱን?» ትለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ሰንበት ትምህርት ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ሃይማኖት የተማሩ ልጃገረዶችን ሊያስመርቅ ተነሣ። አብዛኞቹ ከዙሪያው ገጠር የመጡ ነበሩ፤ እናቶቻቸው እርስ በርስ በአገዎቹ ቋንቋ በአውኝኛ የሚጫወቱ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ለልጆቻቸው መማር ግን የማይሰስቱ። የምስክር ወረቀቱ ባሕር ዳር ታትሞ መጣ። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው፤ ባዶ የቀረው የስም ቦታው ብቻ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ወንድም ይበልጣል አባየን ሊያነጋግር ቤታችን መጣ። አባየ አናጢ ነው፤ ከጓሮ መጠለያው ሥር ሣንቃ ይልግ ነበር።

«የልጅዎ የእጅ ጽሑፍ የሚያምር ነው። ስሞቹን እሷ ትጻፍልን ብለን ነበር» አለው።

አባየ መላጊያውን አላቆመም። «ይች ልጅ ለመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። መዝሙር ጥናት አላት፣ ኮርስ አላት፣ አሁን ደግሞ ጽሕፈት። መቼ ልታጠና ነው?»

«ከፍልሰታ በኋላ ጊዜ አላት ብለን ነው እኮ።»

አባየ ፍቅፋቂውን በእግሩ ገፋ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «ያዢው። አምሮ ሰው ፊት ከወጣ፣ ትምህርቱንና አገልግሎቱን አብረሽ ማስኬድ ትችያለሽ ማለት ነው፤ መዝሙሩንም ትቀጥያለሽ። ካላማረ ግን ከዚህ ወዲያ ቅዳሴ ብቻ። ከቅዳሴ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ደብተርሽ።»

ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የመዝሙር ክፍሉ የዓለሜ ግማሽ ነበር። ነጩን ቀሚስ ለብሼ፣ ከበሮው ሲመታ ከጓደኞቼ እኩል ጎንበስ ቀና ስል፣ ከእግዚአብሔር ቤት ውስጥ የራሴ የምለው ቦታ ያለኝ ይመስለኛል። ያ ሊቀርብኝ ነው ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አልወስድሽ ይለኝ ጀመር።

ስለዚህ የእስክሪብቶ ምርጫውን እንደ ጾም ያዝሁት። ተራው እስክሪብቶ በዚያ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ያንሸራትተዋል እንጂ አይጽፍም፤ ጄሉ ያን ጊዜ ገና ብርቅ ነበር። ከተመራቂዎቹ አንዷ፣ ለትምህርት ከገጠር መጥታ ከተማ ቤት የተከራየች ጓደኛዬ እናትነሽ፣ ከሱቅ ሱቅ አብራኝ ዞረች። እኔ መስመር አሰምራለሁ፣ እሷ በእጅጌዋ ጠረግ ታደርገዋለች፤ ከተልከሰከሰ እንተወዋለን። በብርዱ ይዘላል ወይ፣ ሲጀምር ያንጠባጥባል ወይ፣ ጥቁሩ እውነት ጥቁር ነው ወይ፣ ሲያልቅ ሪፊል ይገኝለታል ወይ፤ አንዱንም አላስቀረሁ።

«የባል ቤተሰብ እንኳ እንዲህ አይጠይቅም!» አለች እናትነሽ።

በመጨረሻ አንድ ቀጭን እስክሪብቶ መረጥን። ባለ ሱቁም ሪፊሉ ይመጣል ብሎ አረጋገጠልን። ጀመርሁ፤ ደስ ይል ነበር። ፊደሎቹን እያወፈርሁ ስለምጽፍ ግን ቀለሙ ሳላስበው ተንጠፈጠፈ፤ ከስሞቹ እኩሌታው ገና አልተነኩም። ሪፊሉ አልመጣም። እስክሪብቶውም ራሱ ከሱቁ አልቋል። የሌሎቹ ቀለም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አንዱ ወረቀት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሊሆን ነው።

«ዳንግላ ይኖራል» አለች እናትነሽ።

«ለእስክሪብቶ ዳንግላ?» አለ አባየ። እማየ ግን «አሳምሪ ያልሃት አንተ አይደለህም እንዴ?» ብላ አፉን አስያዘችልኝ።

በሚኒባስ ሄድን። መስታወቱ በትንፋሽ ተሸፍኖ ውጭው አይታይም፤ እናትነሽ በመዳፏ እያበሰች አገር ታሳየኛለች። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ጭጋጉ ወደ ኋላ ቀረና ፀሐይ ወጣች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴው ዓይን ያጠግባል፤ የመጀመሪያዎቹ የአደይ አበባዎች እዚህም እዚያም ብቅ ብለዋል። ዳንግላ እንደ ወረድን መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዝተን እየጋጥን ሱቅ ፍለጋ ያዝን። አፋችን ዙሪያውን ጠቁሮ ነው አንዲት ባለ ሱቅ ፊት የቆምነው።

ሴትዮዋ የያዝሁትን ባዶ ቱቦ አየችና «የዚህን ፋብሪካ የለኝም። የሌላ ነው ያለኝ፤ ቱቦው ትንሽ ይረዝማል። ጭራውን በምላጭ ቁረጪው፣ ይገባልሻል» አለችኝ።

እዚያው ቆረጥሁት፤ ገባ። በቦርሳዬ ከያዝሁት አሮጌ ጽሕፈት ጎን አዲሱን ጻፍሁበት። አጠጋሁት፣ አራቅሁት፣ ወደ ፀሐይ አወጣሁት። ጥቁሩ ያው ጥቁር፣ ውፍረቱም ያው።

«የበቅሎ እግር ለፈረስ ገጠምሽለት» ብላ ሳቀች እናትነሽ። ስንመለስ እስከ እንጅባራ ድረስ ስለ መዝሙር ቀሚሳችን ስናወራ መንገዱ አጠረብን። የቀሩትን ስሞች ሁሉ በዳንግላው ሪፊል ጨረስሁ።

ምርቃቱ የጳጉሜ ሩፋኤል ዕለት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ በረንዳ ሥር ልጃገረዶቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ወረቀታቸውን ተቀበሉ። አባየ ጋቢውን ደርቦ ከወንዶቹ ኋላ ቆሟል። ወንድም ይበልጣል «ጽሕፈቱ የእኅታችን ነው» ብሎ ወደ እኔ ሲያመለክት እልልታ ሆነ። አባየ ፈገግ አላለም፤ ጋቢውን ግን ሁለት ጊዜ አስተካከለ። በቃ፣ ተሳካ ብዬ ተነፈስሁ።

ያኔ ዝናቡ መጣ።

በሩፋኤል ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ሰው ሁሉ ወደ በረንዳው ይሮጥ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን በረንዳ ያለው ሁሉ ወደ ሜዳው ሮጠ። ሕፃናት ልብሳቸውን እየጣሉ ይዘላሉ፤ ሽማግሌዎች ጥምጣማቸውን ፈትተው ራሳቸውን ይሰጡታል። የእናትነሽ እናት እትየ ተዋበች ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ቆየችና ድንገት የልጇን የምስክር ወረቀት ከእጇ ተቀበለች። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ለዝናቡ ዘረጋችው።

«ገላዋ ብቻ ነው እንዴ የሚጠበለው? ስሟስ!»

የሰማች እናት ሁሉ እንደ እሷ አደረገች። እኔ ከበረንዳው «ኧረ ቀለሙ! ኧረ እባካችሁ!» እላለሁ፤ በእልልታውና በዝናቡ መካከል ማን ይስማኝ። ለብርድ ፈትኜዋለሁ፣ ለእጅጌ ፈትኜዋለሁ። ለሩፋኤል ዝናብ እፈትነው ዘንድ ግን አልታሰበኝም።

የእናትነሽ ስም መጀመሪያ ጠርዙ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ፊደል ጅራት አወጣና ወደ ማኅተሙ ወረደ። ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ፣ ቀጥሎ ያለችውም። አባየን ፈለግሁት፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወረቀቶቹ ነበር የሚያየው።

በዚህ መካከል አንዲት እናት ድምፅዋን አሰማች። ወረቀቷን እያገላበጠች አጠገቧ ላለችው በአውኝኛ የሆነ ነገር ተናገረችና ወደ እኔ መጣች። «አንች ልጅ፣ የሌሎቹ ስም ጠበሉን ሲቀበል የእኔይቱ እንዲህ ድርቅ ያለው ምን በድላ ነው?» አለችኝ። ሌሎችም ተከተሏት። ስማቸው የፈሰሰላቸው እናቶች ደስ ብሏቸው ያሸበሽባሉ፤ ያልፈሰሰላቸው ፊታቸው ጠቁሯል። አንዲቱ ልጅ ልታለቅስ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

ዝም ብል አባየ ፊት ይሻለኝ ነበር። የፈሰሰው በረከት ነው ከተባለ ማን ተበላሸ ይላል? ግን የእኔን ቀለም የሩፋኤል ሥራ አድርጎ ማሳለፍ አስፈራኝ። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ አባ ገብረ ማርያም ሄጄ፣ አባየ በሚሰማበት፣ «አባ፣ ቀለሙ ነው። እኩሌታውን በአንድ ሪፊል፣ እኩሌታውን በዳንግላው ነው የጻፍሁት። ያልፈሰሰው የዳንግላው ነው» አልኋቸው።

ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ቀለም ስበጠብጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። አይቼዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሜዳው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እናቶች! ዝናቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሁለት የሆነው ቀለሙ ነው። የማንም ልጅ አልጎደለባትም!»

«ይሁን አባታችን» አለች ያችው እናት። «ቢሆንም የእኔን ትንሽ ላቆየው።» ብላ ወረቀቱን ይዛ ተመልሳ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ልቅሶ የዳዳት ልጅም ሳቀች።

አባየ ግን ቤት እንደ ገባን ጋቢውን ሰቅሎ ወደ ጓሮ መጠለያው ወጣ። እኔም መልሱን አውቄዋለሁ ብዬ ነጩን ቀሚሴን አጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ዘመን መለወጫም እንዲሁ አለፈ።

ከበዓሉ በኋላ ዳንግላ የሠራውን በር ሊገጥም ሄደ። ማታ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ ጣል አደረገልኝ። ስፈታው ሪፊል ነው፤ እስር ሙሉ።

«ያልፈሰሰው ይኸ ነው?»

«አዎ አባየ።»

«ሴትዮዋ ሦስት ዓይነት ዘረገፈችልኝ። እንዳልሳሳት ብዬ በእያንዳንዱ እያሰመርሁ ውኃ ጠብ አደረግሁበት። ያበድሁ ሳይመስላት አልቀረም።» ጫማውን እያወለቀ ቀጠለ። «ስሞቹን መልሰሽ ትጽፊያቸዋለሽ፤ ሥራ ጀምሮ መተው የለም። ቅዳሜ ጥናታችሁ ስንት ሰዓት ነበር?»

እማየ ጀርባዋን ሰጥታን ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሰዓቱን ነገርሁትና፣ እንባዬን እንዳያይ የሪፊሉን ጭራ ልቆርጥ ነው ብዬ ምላጭ ፍለጋ ወጣሁ።

ወንድም ይበልጣል ለመጪው ዓመት ካስቀመጠው ባዶ ወረቀት ሰጠኝና ስሞቹን እንደ ገና ጻፍሁ። ሊለውጥ የመጣ ግን ጥቂት ነው። እትየ ተዋበች አዲሱን አየችውና መለሰችልኝ። «የተጠመቀውን ሰጥቼ ያልተጠመቀ ልቀበል? እጅሽ ይባረክ፣ የእኔ ልጅ፤ ያንችኑ የቀድሞውን ሰቅየዋለሁ» አለችኝ።

እነሆ ዕድሜዬ አርባን እየነካ ነው። እዚህ ድሬም፣ ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አልተለየሁም። ባለፈው ጥምቀት እንጅባራ ሄጄ ሳለ አባየ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ተቀምጬ ያን ቀን አነሣሁበት። ዝናቡን ያስታውሰዋል፤ አባ ገብረ ማርያምን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያስታውሳቸዋል። ሪፊሉን ግን ጨርሶ ረስቶታል።

«እኔ? እስክሪብቶ ላይ ውኃ?» ብሎ ሳቀ። «ሌላ ሰው ይሆናል።»

አልተከራከርሁትም። ለእሱ በር ገጥሞ ሲመለስ ያደረጋት የአፍታ ነገር ናት፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የዘመርሁትን ሁሉ የዘመርሁት በእሷ ነው። አሁን እኔም እናት ነኝ፣ አስተማሪም ነኝ። ልጆቼና ተማሪዎቼ፣ እኔ ነገ ከምረሳው ነገር የትኛውን ይዘው እንደሚያድጉ አላውቅም። እግዚአብሔር ደጉን ያስይዛቸው።