ከጉብኝቱ የቀረው ቤት

ቤሊያፓ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ቤታችን በአንድ የቡና ማሳ ይዋሰናል፤ ሲያስነጥስ እሰማዋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ በጂፑ እንግዳ ሲያዞር ኖረ። ከሜዳው ከተሞች ተራራማ አገራችንን ኮዳጉን ለማየት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የሚደውለው ለእሱ ነበር። ፏፏቴው መቼ ከጉም እንደሚወጣ፣ ዝሆኖቹ ወንዝ ሲወርዱ ከየት ቢቆሙ እንደሚታዩ፣ መኪና ላይ ራሱን የሚያዞረው ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉንም አስቦ ያሰናዳላቸዋል። ዓይኑ ሲደክም መንዳቱን ተወ። ምክሩን ግን አልተወም፤ ሳይጠየቅም ይመክራል።

ለዓለም ሁሉ መንገድ የሚያሳየው ሰው በገዛ ልጁ ላይ በሩን ዘጋ። ዴቻማ ከወገናችን ውጪ የሆነ አስተማሪ ስታገባ ሰርጓ ላይ አልተገኘም። እሱስ ይሁን፤ የዚህን ቤት ትዕቢት አውቀዋለሁ፣ አግብቼዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላው ነው። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ ከአባቶች ቤት ደጃፍ አንድ ጥይት ይተኮሳል። ለሴት ለምን እንደማይተኮስ እስካሁን የነገረኝ የለም። ሰው ሲሞት ደግሞ ሁለት ይተኮሳል፣ አከታትሎ፤ ያን የሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ዴቻማ ወንድ ልጅ የወለደች ዕለት ከሆስፒታል ደወለችልኝና "አክስቴ፣ አባዬ ተኮሰ?" አለችኝ። ጠመንጃው ከግድግዳው አልወረደም። መልሱን ትቼ የልጁን ክብደት ስጠይቃት ገባት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠችም።

ዘንድሮ ዝናቡ ካባራ በኋላ ደወለች።

"አክስቴ፣ ባሌ አገርሽን ካላየሁ ብሎ አስቸገረኝ። ሁለት ቀን ነው የምንቆየው፤ መዲኬሪ ከተማ ሆቴል ይዘናል። ምን ምን እንደምናይ አንቺ አሰናጂልን።"

"ቤትስ?"

"ቤት ምን የሚጎበኝ ነገር አለው?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ የአባትሽ ነው።"

"ለእሱ እንዳትነግሪው።"

ነገርኩት። እኔ ከገበያና ከቤተ መቅደስ ሌላ መንገድ አላውቅ፤ ማንን ልጠይቅ? ቤሊያፓ ሰምቶ ወጣ። አመሻሹ ላይ ተመልሶ ማድቤቴ በር ላይ ቆመ።

"ፏፏቴውን አይተው ምሳ እዚህ ይብሉ" አለ።

ደወልኩ፤ አይሆንም አለች።

"እንግዲያው ዝሆኖቹን አይተው ሲመለሱ ለሻይ ብቻ ይግቡ። መንገዳቸው ነው።"

"ጋሼ፣ መንገዳቸው አይደለም። ወንዙን ሁለቴ ያሻግራቸዋል።"

"ድልድይ ማየትም ጉብኝት ነው።"

ይህንንም አልተቀበለችም። እንዲህ ሲል ሰነበተ። የሚያሰናዳው መንገድ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኛ ደጅ ላይ ያበቃል። በመጨረሻ ሰለቸኝና "ለእንግዳ ስታሰናዳ እንዲህ ግራ አትጋባም ነበር" አልኩት።

"እንግዳ ናት እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "ለካ እንግዳ አድርጌያታለሁ።"

በማግስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። የመጀመሪያው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ከማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ይቁሙ፤ ልጁንም ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙራ ትያዘው አለ። ያ ኮረብታ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ ጣሪያችን ይታያል። ዴቻማ ትንሽ አመነታችና "እሺ፣ ጀምበሯን እናያለን" አለች። እኔም ጣሪያውን ካየች ምናልባት ሆዷ ይባባል ብዬ የአሳማ ሥጋ ወጥ ሠራሁ፣ ሩዝ አድቦለቦልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ቤሊያፓ ታጥቦ ለበዓል ብቻ የሚለብሰውን ጥቁር ካባ ለበሰና ጠመንጃውን አወረደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ያልተኮስኩትን ልተኩስ።"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠመንጃው ግን ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ምላጩ ያለቀ አሮጌ ነው። የቤሊያፓ እጅ ደግሞ እንደ ልማዱ ሁለቱንም አጉርሷል። አንዱን ሲስበው ሌላው ተከትሎ ፈነዳ። ሸለቆው ሁለቴ ጮኸ።

እርስ በርስ ተያየን። "ጋሼ፣ ራስህን ገደልክ እኮ" አልኩት።

ሰዉ ከሩዝ ማሳው እየሮጠ መጣ። ጎረቤታችን ናንጃፓ ከነጭቃው ቀድሞ ደረሰ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ማንም" አለ ቤሊያፓ።

"እኔ ለማንም ነው ወገቤ እስኪቀነጠስ የሮጥኩት? ደግሞ ካባ ለብሰህ ትቀበለናለህ?"

ጥቂቶች ሳቁ። እኔ ስልኬን አንስቼ ዴቻማ ጋ መደወል ስጀምር ቤሊያፓ እጄን ያዘኝ።

"ተይ። ትምጣ።"

"ልጅህን በሞትህ ልትጠራት?"

"በሕይወቴ አልመጣ አለቻ።"

እጁን አሽቀንጥሬ ደወልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ አላነሳችም።

መኪናቸው የደረሰችው ሊጨልም ሲል ነው። ዴቻማ ጸጉሯን ለሐዘን ፈትታ በባዶ እግሯ ወረደች። ባሏ የተኛውን ልጅ ታቅፎ ከኋላ ተከተላት። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አየችው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ሁለት ነው የሰማሁት" አለች።

"አንዱ የልጅሽ ነው።"

"ሌላውስ?"

"ጠመንጃው አርጅቷል።"

"የልጄ አራት ዓመት ዘገየ፤ ያንተ ቸኮለ" አለች። "አባዬ፣ መንገዱን ሙሉ ስቀብርህ ነው የመጣሁት።"

ቤሊያፓ የልጅ ልጁን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ባልየው እሷን አየ። እሷ ተነሳች። ወጡን ላቅርብ ስላት ራሷን ነቀነቀች።

እኛ ስንለያይ "ሄጄ እመጣለሁ" እንላለን። ከለቅሶ ቤት የሚወጣ ብቻ እንዲህ አይልም። ዴቻማ ይህን ሳትል ወደ መኪናው ሄደች።

"ልጄ፣ ሳትሰናበቺኝ?" አለ ቤሊያፓ ከኋላዋ።

ዞር አለች። "ለቅሶ ቤት አይሰናበቱም።"

ሰዉ ሁሉ ሲበተን ቤሊያፓ ከነካባው እዚያው ቀረ። ወጡን ወደ ውስጥ ሳስገባ ጠራኝ። "ነገ ጠዋት ፏፏቴው ነው አይደል? ዛሬ አየሩን አልወደድኩትም፣ ጉም ይወርዳል። ጎዳናው ያዳልጣል፤ ረፈድ አድርገው ይነሱ በያት።" እኔም አሁንም እንደተናደድኩ ደወልኩና የነገረኝን ነገርኳት። ስጨርስ ስልኩን ዘጋችው።

ጠዋት ጉሙ ወረደ። ቤሊያፓ ገና ሳይነጋ አጥሩ ጋ ቆሟል። ወደ ፏፏቴው የሚወስደው ጎዳና ከማሳችን ግርጌ ያልፋል፤ አንድ ሁለት የቱሪስት መኪና መብራት አብርቶ እየዳከረ አለፈ፤ የእነሱ አልነበረም። እንዲገባ ለመንኩት፤ አልሰማኝም። ረፋዱ ላይ ጉሙ ተገፎ የቡናው ቅጠል ማብረቅ ሲጀምር የዴቻማ መኪና ከታች ብቅ አለች። አልቆመችም። ቀስ ብላ አለፈች።

"ሰምታኛለች" አለ ቤሊያፓ፣ አጥሩን እንደያዘ።