ውሃው ሲቀንስ

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከጎተራ የተነሣሁት በደንብ ሳልተኛ ነው። የምሠራው በውሃ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የጎርፍ ሪፖርት እጽፋለሁ፤ ማን እንደሚያነበው ግን እስካሁን አላውቅም። አሁን ደግሞ ለሥልጠና ወደ ሰሜን ፓኪስታን ተላክሁ፤ የበረዶ ግግር ወንዝ ሲዘጋ የሚመጣውን ጎርፍ እንድመለከት። የበረዶ ግግር ከሌለበት አገር ሄዶ ይህን መማር ለእኔም ያስቀኝ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ቂርቆስ እናቴ ቤት ጎራ አልኩ። ቤቷ የቀበሌ ቤት ነው፤ ጓዳው ከወንዙ አራት እርምጃ አይርቅም። ባለፈው ክረምት ውሃው አልጋዋ ድረስ ገብቶ ነበር። እኔ የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ነይ እኔ ጋ ስላት ሦስት ዓመት ሆነኝ።

«እማ፣ ክረምቱ ገባ እኮ። ቢያንስ እስከ መስከረም እኔ ጋ ሁኚ።»

«ፎቅ ላይ ማንን ላናግር? እዚህ ጎረቤቶቼ አሉ። በቃ፣ አንቺ የሰው አገር ጎርፍ አይተሽ ነይ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ባለላዳው እስከ ቦሌ ሰማንያ ብር ሲለኝ ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበረኝም።

የሁለት ቀን መንገድ

በዱባይ አድርጌ ኢስላማባድ ገባሁ። ከዚያ ከሌሎች ሠልጣኞች ጋር በሚኒባስ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ሰሜን ተጓዝን። መንገዱ የገደል አፋፍ ይዞ ይሄዳል፤ ከሥሩ የተበጠበጠ ሲሚንቶ የሚመስል ወንዝ ይጮኻል። ወገቤ ተቆረጠ። ምሳችን ቻፓቲና ምስር ነበር፣ ከእኛ ኮክ ያነሰ ጣፋጭ ፍሬም አቀረቡልን። አንድ ሻይ ቤት ባለቤቱ «አሰላሙ አለይኩም» ሲለኝ አሳምሬ ስመልስለት ደስ ብሎት የሻዩን አልቀበልም አለ።

መንደሩ

ከደረስንበት መንደር በላይ የበረዶ ግግሩ ተንሸራትቶ ሸለቆው ውስጥ ገብቷል። ወንዙ የሚያልፈው ከበረዶው ሥር ባለ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ከኋላ ተጠራቅሞ ሐይቅ ይሆናል፤ በኋላ በረዶውን ሰብሮ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ወንዙን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ ውሃው ከድንጋዩ ከሸሸ መንደሩን ጠርተው ሽቅብ ያስወጣሉ።

«የሚያስፈራው ሲጨምር አይደለም እንዴ?» አልኳቸው በአስተርጓሚ።

«ሲቀንስ ነው» አሉ። «በዚህ ወቅት ውሃ ከቀነሰ፣ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው።»

ደነገጥኩ። እኛ ቂርቆስ ዝናብ እየጣለ ወንዙ ሲቀንስ «አልሃምዱሊላህ፣ ጎደለ» ብለን ተመልሰን የምንተኛ ሰዎች ነን። እኛ ጋ ድልድይ የሚደፍነው ፕላስቲክና አሮጌ ፍራሽ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ይህን ሳላውቅ ነው ስንት ሪፖርት የጻፍኩት።

«ታዲያ ለምን ከዚህ አይነሡም?»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ከተማ ያለው ልጄም በየዓመቱ በስልክ እንዲህ ይለኛል። አንድ ቀን ግን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ውሃውን አላየም።»

አፈርኩ።

ወደ ቤት

ከቦሌ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቂርቆስ ወረድኩ። እናቴን ነይ አላልኳትም። ከጓዳው ጀርባ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩና ወንበር አውጥቼ ቁጭ አልኩ። ለጎረቤቶቹም የሰማሁትን ነገርኳቸው። «ወንዝ ማየት ነው ፓኪስታን ድረስ ያስኬደሽ?» እያሉ ቀለዱብኝ።

ከቢሮ ስወጣ እዚያው ነኝ፤ ሌሊትም ዝናብ በጣለ ቁጥር ድንጋዩን ለማየት እነሣለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ጉንፋን ያዘኝ፣ ዐይኔ ቀላ፣ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ማንቀላፋት ጀመርኩ። እናቴ ይህን ሁሉ ታያለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብሷን በገመድ አስራ በሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ፎቅሽ። ድንጋዩን እንዲያዩት ለጎረቤቶቼ አደራ ብያለሁ።»

«ፈራሽ እንዴ?»

«ውሃውንማ ለምጄዋለሁ» አለች። «አንቺ እንቅልፍ ማጣትሽን ነው ያልቻልኩት።»

የጎተራን ደረጃ በየፎቁ እያረፈች ወጣችው። ከጉዞው የተማርኩትን ሪፖርቱ ላይ እንዴት እንደማሰፍረው እንጃ። ሦስት ዓመት ሙሉ ነይ አልኳት፤ የመጣችው ግን እኔ ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ ነው።