ፊቱም ጀርባውም የተጻፈበት ድንጋይ

ስልኩ ሲጠራ አንሶላ እየጨመቅኩ ነበር። የወንድሜ ሚስት ናት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ወንድምሽ አረፈ» አለችኝ፤ «ታክሲ ውስጥ፣ ሆስፒታል ሳንደርስ።» አንሶላውን ጨምቄ ጨረስኩና አሰጣሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ከዚያ ጫማዬን ቀየርኩ።

ወንድሜ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። መሮ ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መሮ» ይለው ነበር። የቤት ደረጃ ይጠርባል፣ የመቃብር ድንጋይ ይቀርጻል። ፊደል ሲቀርጽ አጠገቡ የሚያወራ ሰው ከመጣ መሮውን ያስቀምጥና ሰውዬው እስኪሄድ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የአርባ ዓመት የድንጋይ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ደረጃ ሲወጣ ደረቱ ያፏጫል። ሲጠይቁት «በስተርጅና ፉጨት ተምሬ ነው» ይላል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአካባቢው ሹም የጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ አስቀረጸው፤ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ቀኑን። ድንኳን ተተከለ፣ ተጨበጨበ። ጤና ጣቢያው ግን አልተሠራም። ከአራት ዓመት በኋላ ያ ሹም ተሻረና ሌላው መጣ። እሱም በስሙ ድንጋይ እንዲቆም ፈለገ፤ ለሰኞ ይድረስ አለ። ለሰኞ አዲስ ድንጋይ አይደርስምና ወንድሜ የቆመውን ነቅሎ ጀርባውን አለሰለሰና የሁለተኛውን ስም ቀረጸበት። የፊተኛው ስም ወደ ሜዳው፣ የኋለኛው ወደ መንገዱ ዞሮ ቆመ። ሰፈሩ ሳቀ። መንግሥት ቢያንስ ድንጋይ መገልበጥ ይችላል ተባለ።

ወንድሜን ግን ሳቁ ሰለቸው። በገዛ ግቢው ጥግ፣ በተረፈ ድንጋይ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አንዲት ክፍል ሠራ። ጡረታ የወጣች ነርስ ጎረቤት ነበረችው፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ትቀመጥ ጀመር። ደም ግፊት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች። ፈሳሽ መድኃኒት ወደ እንፋሎት ቀይሮ ትንፋሽ ላጠረው የሚያስተነፍስ ትንሽ ማሽንም ነበራት። ዋናው ደንበኛዋ ወንድሜ ራሱ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራች። ክፍሏን ማንም ሹም አልመረቃት፣ ሪባን አልተቆረጠ። ሰው ግን ይታከም ነበር።

ሦስተኛው ሹም መጣ። እሱም ድንጋይ ፈልጎ ሁለት ሰው አስከትሎ እግቢው ድረስ ሄደ። ወንድሜ መቀመጫ ሰጠው፣ ውሃ አቀረበለት፣ ከዚያ እንዲህ አለው፦ «ጌታዬ፣ ያኛው ድንጋይ ፊቱም ጀርባውም አልቋል። የእርስዎን ስም ጤና ጣቢያው ጣሪያ ሲለብስ እቀርጸዋለሁ፤ ያኔ በነጻ ነው።» ሹሙ ሳቀ። እሱ ስለሳቀ ተከታዮቹም ሳቁ።

በዘጠነኛው ቀን ሦስት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ክፍሏ ፈቃድ የላትም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የላትም። ነርሷ ፈቃዱ ከየት እንደሚወጣ ስትጠይቅ፣ ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ ስለታቀደ ሌላ ፈቃድ አይሰጥም አሏት። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የእኛዋ በሰማይ ያለች ላም በምድር ያለችውን አሳሰረች። ማሽኔን ላውጣ ብትል፣ ንብረቱ ተመዝግቦ እስኪያልቅ አይነካም አሉና በሩን አሸጉት። ማሸጊያው ማኅተም ያረፈባት፣ መዳፍ የምታህል ወረቀት ናት።

ወንድሜ በሩ ይከፈት ብሎ ማመልከቻ ይዞ ሹሙ ቢሮ ስምንት ጊዜ ሄደ። ስብሰባ ላይ ናቸው። መስክ ወጥተዋል። ፈራሚው ተቀይሯል። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስምንቱንም ጊዜ እያፏጨ ወጣው። አንድ ቀን ሲመለስ እኔ ቤት አረፍ አለና «እህቴ፣ ሥሩልን ብዬ አልለመንኳቸውም» አለኝ። «የሠራነውን አትዝጉብን ነው ያልኩት። ይኼ ይከብዳል?»

ባረፈበት ቀን ጠዋት ትንፋሹ እምቢ አለ። ነርሷ ሮጣ መጣች። ማሽኑ ከበሩ ኋላ ነው። ወረቀቷን ልትቀድ እጇን አነሳች፤ ማኅተም የቀደደ ደግሞ ይታሰራል። ወንድሜ እጇን ያዛት። «ተይው፣ ያስሩሻል» አላት። ሌላ ቃል አልወጣውም። ታክሲ ጠሩ።

ነርሷን አልወቅሳትም፤ እኔም ብሆን ወረቀቷን አልቀድም ነበር። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ሰው ዓይናችን እያየ ሲታፈን፣ ከትንፋሹ ይልቅ ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሰው ማኅተም እንድንፈራ አድርገው አሳድገውናል።

ደግ ሹም ይላክልን የሚሉ አሉ። እኔ የደግነቱን ነገር ትቼዋለሁ። ሌባ ይያዙ፣ የተጣላውን ይዳኙ፣ መንገዱን ይጠግኑ። ከዚያ ወዲያ፣ ደግም ሆነ ክፉ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የከፈተውን በር የሚያሽግ እጅ ሊኖራቸው አይገባም። ደጉ ሲሻር ማኅተሙን ይዞት አይሄድም፤ ለሚቀጥለው ጠረጴዛው ላይ ይተውለታል።

ሹሙ ቀብር መጣ። ጤና ጣቢያው በወንድሜ ስም እንዲሰየም አቅጣጫ ተቀምጧል ብሎ ንግግር አደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ «ስሙ ይቅርብን፣ በሩን ይክፈቱልን» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «በሂደት ላይ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

ይኸው ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ማመልከቻውን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። ነርሷ ቤት ጠዋት ጠዋት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይመጣል፤ ወደ ሆስፒታል ሂድ ከማለት በቀር የምታደርግለት የላትም። ማሽኑ ውስጥ ነው። በሩ አልተከፈተም።